ቡችሎቹ የገና ዛፉን እየጎተቱ ለሚጥሉብሽ

ዛፉን ከግድግዳው ጋር እሰሪው። ሁለቱ ቡችሎች በየቀኑ እየጎተቱ የሚጥሉት ከሆነ ቁጣ ብቻውን አይመልሳቸውም። ጠንካራ ሲባጎ ከግንዱ መሃል ትንሽ ከፍ አድርገሽ አዙሪና በደንብ በተመታ ምስማር ላይ አጥብቂው። መጋረጃው ላይ ግን እንዳታስሪው፣ አብሮ ይወርዳል።

ቡችላ በኋላ እግሩ ቆሞ እስከሚደርስበት ድረስ ምንም አታንጠልጥዪ። ለእነሱ ኳስ ሁሉ መጫወቻ ነው። የሚሰበሩትን ወደ ጫፉ አካባቢ አውጫቸው።

የመብራቱን ገመድ ከዛፉ ጀርባ አውርጂው። ከቤት ስትወጪና ማታ ስትተኚ ከሶኬት ንቀዪው። ጥርስ እያወጣ ያለ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ቸኮሌት ያለበት ስጦታም ከዛፉ ስር አይቀመጥ፤ ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው።

አንድ ነገር አደራ። በረዶ እንዲመስል የምንበትነውን ጥጥና የሚያብረቀርቀውን ክር ዘንድሮ ተዪው። የእህቴ ውሻ ክሩን ውጦ ምግብ እምቢ አለ፣ ያስመልሰውም ጀመር። በቀዶ ጥገና ነው የተረፈው። ክር ከአፉ ወይም ከኋላው ብቅ ብሎ ካየሽ በፍጹም አትጎትቺው፣ አንጀቱን ሊቆርጠው ይችላል። ሳትዘገዪ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው።