«ትጠቀሙበታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይረዳም?

ጥያቄ፦ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በሜክሲኮ አደባባይና በሰንጋ ተራ ዙሪያ ባሉ ሕንፃዎች የሚሠሩ ሰዎች ምሳቸውን የሚያዝዙበት የስልክ መተግበሪያ ሠርተናል። ክፍያው በቅድሚያ በቴሌብር ነው። ከመጀመራችን በፊት፣ ስለ ዲዛይን ቲንኪንግ (ከተጠቃሚው ችግር ተነሥቶ መፍትሔ ስለሚፈልገው የአሠራር ዘዴ) በወሰድነው አጭር ሥልጠና እንደተነገረን፣ 40 ሰዎችን «እንዲህ ያለ አገልግሎት ቢኖር ትጠቀሙበታላችሁ?» ብለን ጠየቅን፤ ከሦስቱ በስተቀር ሁሉም «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በርቱ» አሉን። ይኸው ሥራ ከጀመርን አራት ወር ሆኖናል፤ የሚያዝዙት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምን ብለን መጠየቅ ነበረብን? ስንት ሰውስ ይበቃል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ 37ቱ ሰዎች የዋሹዎት አይመስለኝም፤ አክብረውዎት ነው። አንድ ወጣት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ የደከመበትን ሐሳብ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያስረዳ «እኔስ አልጠቀምበትም» ለማለት ይሉኝታ የማይዘው ሰው ጥቂት ነው። በአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ትምህርት ቤት የሚታወቁት የዲዛይን ቲንኪንግ አምስት ምዕራፎች፣ ማለትም ተጠቃሚውን መረዳት፣ ችግሩን መበየን፣ ሐሳብ ማመንጨት፣ የመሞከሪያ ናሙና መሥራትና መፈተሽ፣ የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ የእናንተ ጥያቄ ግን ለአንዳቸውም የሚሆን አልነበረም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ የሚጠየቀው ስለ ነገ ሳይሆን ስለ ትናንት ነው፦ «ትናንት ምሳዎን የት በሉ? ቦታውን ማን መረጠው? ከቢሮ ስንት ሰዓት ወጡ? እንዴት ከፈሉ? በዚህ ሳምንት ምሳ ሳይበሉ የዋሉበት ቀን አለ? ምን ሆኖ?» ሰው ስለ ነገው ሲጠየቅ ራሱን አሳምሮ ይገምታል፤ የትናንት ምሳው ሽሮ ከነበረ ግን ሽሮ ነው የሚለው።

ይህን መልስ ከመጻፌ በፊት ከሜክሲኮ አደባባይ ጀርባ በምትገኝ አንዲት ምሳ ቤት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቷ ትዕዛዝ የሚቀበሉት በስልክ ሲሆን፣ የሚመዘግቡት ጠርዙ በዘይት በወዛ ደብተር ላይ ነው። በደብተሩ ላይ የደንበኛ ስምና አድራሻ የለም፤ «4ኛ ፎቅ ሒሳብ ክፍል፣ 3 በያይነት»፣ «ጥበቃው፣ ቃሪያ የሌለው» የሚል ብቻ ሰፍሯል። ከጎን የተደረደሩት ጭረቶች ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው «ዱቤ ነዋ፤ ደመወዝ ሲወጣ ይዘጉታል» አሉኝ። የእናንተ ደንበኞች ሁሉ በዱቤ ይበላሉ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ወሩ ከተጋመሰ በኋላ በዱቤ የሚበላ ሰው ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ መተግበሪያ የሚከፍትበት ምክንያት አይታየኝም፤ ይህንንም «እንዴት ከፈሉ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ታሳያችሁ ነበር።

ሥልጠናዎች «ለምን?» ብሎ አምስት ጊዜ መጠየቅን ያስተምራሉ። ዘዴው ከቶዮታ የመጣ ነው፤ ለቆመ ማሽን ግሩም ነው። ሰውን ግን፣ በተለይ በዕድሜ የሚበልጥዎትን፣ በተከታታይ «ለምን?» ቢሉት ምርመራ ይመስለዋል። «ምን ሆኖ ነው?»፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ» ቢሉ እዚያው ያደርስዎታል።

ችግሩን በመበየን ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ችግሩ የማን ነው? የሚደርሰውስ የት ነው?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የስታንፎርድ ተማሪዎች ቡድን ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ማሞቂያ እንዲሠራ ተመድቦ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ኔፓል ሄዶ ሲያይ በሆስፒታል ያሉት ማሞቂያዎች ባዷቸውን ተቀምጠዋል፤ ሕፃናቱ የሚወለዱት በሩቅ መንደሮች፣ በየቤቱ ነበር። ስለዚህ «የማሞቂያውን ዋጋ እንዴት እንቀንሰው?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «የገጠር እናት የልጇን ሙቀት ጠብቃ እንድታቆይ እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» ብለው ጠየቁ፤ የተገኘውም ኤምብሬስ የሚባለው፣ ሰም መሰል ነገር የያዘ ከረጢት ለሰዓታት የሚያሞቀው የሕፃን መጠቅለያ ነው። ባለሙያዎች «እንዴት ብናደርግ» የሚለውን አጠያየቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካው የሳሙናና የንጽሕና ዕቃዎች አምራች በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከተለመደ አሠራር ጋር ያያይዙታል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ግን ለዚህ ሥልጠና የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም። የእናንተን ጥያቄ በዚህ መልክ ብናስተካክለው «ሰው በስልኩ እንዲያዝዝ እንዴት ብናደርግ?» ሳይሆን «ደብተሩ እንዳይሳሳት፣ ምሳውም ከእረፍት ሰዓት በፊት 4ኛ ፎቅ እንዲደርስ እንዴት ብናደርግ?» ወደሚል ይጠጋል።

ሐሳብ በማመንጨት ላይ አልቆይም፤ እናንተ የጎደላችሁ ሐሳብ አይደለም። ናሙና ከመሥራታችሁ በፊት ግን «ይህን ሐሳብ ሊጥለው የሚችለው አንዱ ነገር ምንድን ነው? እሱንስ በትንሹ ወጪ እንዴት እናውቀዋለን?» ብላችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ምሳ ቤትና አንድ የቴሌግራም ቡድን ለሁለት ሳምንት ይበቃሉ፤ ዱቤውንም ለአሥር ሰው በእጅ መዝግባችሁ ማን እንደከፈለ ማየት ትችላላችሁ።

በፍተሻ ጊዜ አታስረዱ። ስልኩን ለሰውየው ሰጥታችሁ «እስቲ የረቡዕን ምሳ ይዘዙ» ካላችሁ በኋላ ዝም በሉ፤ የጾም ምግቡን ፈልጎ ካጣው ጣቱ ይነግራችኋል። ሲቆም «አሁን ምን እየፈለጉ ነው?» ይበቃል፤ «ወደዱት?» ብትሉ ግን ወደ ይሉኝታው ትመልሱታላችሁ።

ስለ ቁጥሩ፣ የድረ ገጾችና የመተግበሪያዎች አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በአምስት ሰዎች መፈተሽ ከአጠቃቀም ችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን እንደሚያሳይ ጽፎ ነበር። ይህ የሚሠራው ሰዎቹ ተመሳሳይ ተጠቃሚዎች ሲሆኑ ስለሆነ፣ ከሚያዝዙት፣ ከምሳ ቤት ባለቤቶችና ምግቡን በር ላይ ከሚቀበሉት ጥበቃዎች አምስት አምስት ያዙ። ከዚያ በፊት ግን «አንጠቀምበትም» ያሏችሁን ሦስት ሰዎች ፈልጋችሁ ቡና ጋብዟቸውና ትናንት ምሳቸውን የት እንደበሉ ጠይቋቸው።