አንሶላው ከፍራሹ ማዕዘን ለምን ይሾልካል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አሮጌውን የስፖንጅ ፍራሽ በአዲስ ስፕሪንግ ፍራሽ ከቀየርን ወዲህ የአንሶላ ነገር አስመርሮኛል። አልጋችን ሜትር ከሃምሳ ነው። ከመርካቶ የገዛሁት ባለ ላስቲክ አንሶላ መጀመሪያ ሲነጠፍ እንደ ምንም ደርሶ ነበር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን አራተኛውን ማዕዘን ሳለብሰው የመጀመሪያው ይወልቃል፤ ሌሊትም ከራስጌ ሾልኮ ከወገባችን ሥር ተሰብስቦ እናገኘዋለን። እህቴ ከአሜሪካ «ኩዊን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት አንሶላዎች ላከችልኝ፤ እነሱ ደግሞ ረዝመው ከግርጌ በኩል ይጨማደዳሉ። ልክ የሚሆነውን እንዴት ልምረጥ? እህቴ የላከቻቸውንስ ምን ላድርጋቸው?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የጠበበዎትም የረዘመብዎትም በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም አንሶላዎች የተመረጡት በአልጋው ስም እንጂ በፍራሹ ልክ አይደለም። ፍራሽ ወርድ፣ ቁመትና ውፍረት የሚባሉ ሦስት ልኮች አሉት፤ «ሜትር ከሃምሳ» ስንል ግን የተናገርነው ወርዱን ብቻ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ይሁን 2 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን 30፣ ከዚህ አጠራር ማወቅ አይቻልም። ዝርግ አንሶላ ለሚያነጥፍ ሰው ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ የተረፈው ከፍራሹ ሥር ይወሸቃልና። ባለ ላስቲኩ አንሶላ ግን አራቱም ማዕዘኖቹ ተቆርጠው የተሰፉ በመሆናቸው እንደ ጫማ በቁጥሩ መመረጥ ያለበት ዕቃ ነው።

በእርስዎ ቤት ዋናው ጥፋት ያለው በሦስተኛው ልክ፣ በውፍረቱ ላይ ይመስለኛል። የስፖንጅ ፍራሽ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከላይ ለስላሳ ንጣፍ የተጨመረበት ስፕሪንግ ፍራሽ ግን 25፣ አንዳንዴም 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ለቀድሞው ፍራሽ የተሰፋ አንሶላ በአዲሱ ላይ ሲነጠፍ ጎኑን ይሸፍን ይሆናል፤ ከፍራሹ ሥር የሚታጠፍ ትርፍ ግን አይኖረውም። አንሶላን በቦታው አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ከሥር የሚታጠፈው ትርፍ ነው። ላስቲኩ የፍራሹን ጎን ብቻ ይዞ ከቀረ፣ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ወደ ላይ እየተሳበ መውጣቱ አይቀርም።

በዚህ ላይ እጥበቱ ተጨመረበት። የጥጥ ጨርቅ ሲሸመን ክሩ ተወጥሮ ነው፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኘው ውጥረቱ ይለቅና ጨርቁ ይሰበሰባል። በፋብሪካ አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ያልተደረገ ጥጥ ከመቶ 5 እጅ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ 190 ሴንቲ ሜትር በነበረ አንሶላ ላይ ይህ 9 ተኩል ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገጥም ንጹሕ የጥጥ አንሶላ ሲያገኙ ደስ ሊልዎት አይገባም፤ ከታጠበ በኋላ የሚጠብበው እሱ ነው። ፖሊስተር የተቀላቀለበት የመሰብሰቡ መጠን አነስተኛ ነው፤ እንደ ካናቴራ በሹራብ አሠራር የተሠራው ደግሞ ስለሚለጠጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢያንስ እንኳ ይታገሣል።

ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት ፍራሹን ይለኩ። የምለው ፍራሹን እንጂ አልጋውን አይደለም፤ የእንጨቱ ዙሪያ ከፍራሹ በ5 ወይም በ10 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ስለሚችል ያሳስታል። በላዩ ያለውን ሁሉ አንሥተው ወርዱን ከስፌት እስከ ስፌት፣ ቁመቱን ከራስጌ እስከ ግርጌ ይለኩ። ውፍረቱን የሚለኩት በመሐል ሳይሆን በማዕዘኑ ላይ፣ ከታችኛው ጠርዝ እስከ ላይኛው ከፍተኛ ቦታ ድረስ ነው፤ አሮጌ ፍራሽ መሐሉ ቢሰምጥም አንሶላው የሚያዘው በማዕዘኖቹ ነውና። ከላይ የሚደረብ ስስ ስፖንጅ ወይም የፍራሽ መከለያ ካለዎት ደርበው ይለኩት። አዲሱ ፍራሽ አሁንም የመጣበትን ላስቲክ ለብሶ ከሆነ ደግሞ ይግፈፉለት። ፍራሹ እንዳይቆሽሽ በማሰብ ለዓመታት የሚያቆዩት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጨርቅ በላዩ ላይ ስለሚንሸራተት ልክ የሆነው አንሶላ እንኳ አይረጋበትም፤ የተኛውንም ሰው ያልባል።

ከዚያ ሱቅ ውስጥ ሦስቱን ቁጥሮች ይዘው፣ ከአንሶላው ማሸጊያ ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ የማዕዘኑን ስፌት ይመኑ። ሻጩ ከፈቀደ አንሶላውን አውጥተው፣ ማዕዘኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ስፌት እስከ ላስቲኩ ድረስ በሜትር ይለኩት። ይህ የአንሶላው ጥልቀት ነው። ከፍራሹ ውፍረት ቢያንስ በ8 ሴንቲ ሜትር፣ ቢቻል ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይገባል። ማሸጊያዎች በዚህ ነገር ላይ አንድ ዓይነት ቋንቋ አይናገሩም፤ አንዳንዱ የሚጽፈው የአንሶላውን ጥልቀት ሲሆን ሌላው ደግሞ አንሶላው የሚችለውን የፍራሽ ውፍረት ይጽፋል፤ ሁለቱን ማምታታት ከሥር የሚታጠፈውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ያሳጣል። ላስቲኩ በማዕዘኖቹ ላይ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የገባለትን ቢመርጡ ይሻላል። በማዕዘን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከስፌቱ ግራና ቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መሄዱን ይዩ።

አሁን ወደ እህትዎ ስጦታ ልምጣ። «ኩዊን» እና «ኪንግ» የሚሉት ስሞች ከአገር አገር ይለያያሉ። የአሜሪካው ኩዊን 60 በ80 ኢንች፣ ማለትም 152 በ203 ሴንቲ ሜትር ነው። የአሜሪካው ኪንግ 193 በ203 ሲሆን የእንግሊዙ ኪንግ ግን 150 በ200 ነው፤ ከለንደን የተላከ ኪንግ አንሶላ ከዋሽንግተን ከተላከው ኪንግ ይልቅ ለአሜሪካው ኩዊን ይቀርባል ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ገንዘብና ልፋት አውጥቶ የሚልከው አንሶላ ሳጥን ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው በዚህ የስም መመሳሰል ስለሆነ፣ ለወደፊቱ «ሜትር ከሃምሳ» ብለው ብቻ አይንገሯት፤ ሦስቱንም ቁጥሮች በሴንቲ ሜትር ይላኩላት፤ አንዱን ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር አድርጋ ትቀይረዋለች።

የእርስዎ ፍራሽ 150 በ190 ከሆነ፣ በወርድ በኩል ያለው ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚያስቸግር አይደለም። የሚያስቸግርዎት 13 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው የቁመት ትርፍ ነው፤ ከግርጌ የሚጨማደደውም ለዚህ ነው። ጥልቀቱ ግን ሳይጠቅምዎት አይቀርም፤ የአሜሪካ አንሶላዎች ብዙ ጊዜ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጉ 25 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ፍራሽ ጥሩ ትርፍ ይሰጣሉ። ስለዚህ አይጣሏቸው፤ ለሰውም አይስጧቸው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ይጠቡና የሚሰበሰበውን ያህል ይሰብሰብ። ከዚያ አንሶላውን ገልብጠው፣ ውስጡ ወደ ላይ ሆኖ በፍራሹ ላይ ያልብሱት፤ የራስጌውን ሁለት ማዕዘኖች በትክክል ካስቀመጡ በኋላ ከግርጌ በኩል የተረፈውን በሁለቱ ማዕዘኖች ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዙት። ልብስ ሰፊው በዚያ ምልክት አዲስ ስፌት አውርዶ የተረፈውን ይቆርጥና ላስቲኩን መልሶ ይቀጥለዋል። የራስጌው ማዕዘኖች አይነኩም። የረዘመ አንሶላ በዚህ መንገድ ይስተካከላል፤ የጠበበውን ግን ከነቅጥያው ካልሆነ ማዳን አይቻልም፤ ሁለት አማራጭ ቀርቦልዎ ከተቸገሩ ምንጊዜም ትልቁን የሚወስዱት ስለዚህ ነው።

በልክ ማሰፋት ከፈለጉም ስሌቱ ቀላል ነው። ለ150 በ190፣ ውፍረቱ 25 ለሆነ ፍራሽ፣ በእያንዳንዱ ጎን 25 ለውፍረቱ፣ 12 ከሥር ለሚታጠፈው፣ 2 ለጠርዙ ስፌት ሲደመር 39 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከሁለቱም ጎን ሲጨመር ጨርቁ 228 በ268 መሆን አለበት። ወርዱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ የአንሶላ ጨርቅ ከመቶ 5 እጅ ቢሰበሰብ እንኳ 228 ስለሚቀር ለወርዱ ይበቃል፤ ቁመቱን 2 ሜትር ከ85 ያስቆርጡ። ጨርቁን ነክረው፣ አድርቀውና ተኩሰው ነው ለልብስ ሰፊው የሚሰጡት፤ አቡጀዲ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ልብስ ሰፊው በአራቱም ማዕዘን 38 በ38 የሆነ አራት ማዕዘን ቆርጦ ያወጣና የተቆረጡትን ሁለት ጠርዞች በ1 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይገጥማቸዋል። ሰፊ ወርድ ያለው ጨርቅ ካጡ መሐል ላይ አያስቀጥሉ፤ መጋጠሚያው ጀርባ ይቆረቁራል። ቅጥያው ከሁለቱም ጎን፣ ወደ ፍራሹ ጠርዝ በሚወርደው ክፍል ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ አንሶላዬ ከፍራሹ ጋር ልክ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን ላስቲኩ ላልቶ አልይዝ አለ። ጨርቁ ገና አዲስ ነው። ምን ይሻላል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ላስቲኩን ያስቀይሩ። ዙሪያውን ያለው የጠርዝ እጥፋት እንደ መቀነት ማስገቢያ ክፍት ከሆነ፣ ትንሽ ቦታ ተርትረው አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን በመርፌ ቁልፍ እየመሩ ማስገባት ይቻላል፤ ከጨርቁ ጋር አብሮ ከተሰፋ ግን ወደ ልብስ ሰፊ ይውሰዱት። ላስቲክን የሚያደክመው ሙቀት፣ በረኪናና ፀሐይ ነው። ነጭ አንሶላ በበረኪና የመዘፍዘፍና የማፍላት ልማድ ለዝርግ አንሶላ ቢሠራም ላስቲክ ላለው አይሆንም። ሲያሰጡት ላስቲኩ ያለበት ጠርዝ ጥላ ቢያገኝ፣ ሲተኩሱም ካውያው ከጠርዙ ቢርቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ለልጃችን የሕፃን አልጋ ከነፍራሹ አምጥቶልናል። ልጃችን ሦስት ወሯ ነው። ለፍራሹ ልክ የሚሆን ባለ ላስቲክ አንሶላ ስላጣን የትልቁን አልጋ አንሶላ አጥፈን እናነጥፍላታለን፤ በላዩም ጋቢ እናደርግላታለን። ችግር አለው?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አዎ፣ አለው፤ እባክዎ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ይተዉት። ለአዋቂ ሰው የሾለከ አንሶላ እንቅልፍ ከመንሣት አያልፍም፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ግን ፊቷ ላይ የተጠቀለለባትን ጨርቅ በእጇ ማንሣት ስለማትችል እስትንፋሷን ሊያግድባት ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ሕፃን በጀርባዋ፣ ጠንከር ባለና ዝርግ ፍራሽ ላይ እንድትተኛ፣ በፍራሹም ላይ በልኩ የተወጠረ ባለ ላስቲክ አንሶላ ብቻ እንዲኖር ነው፤ ትራስም፣ ብርድ ልብስም፣ ጋቢም ከአልጋው ውስጥ ይወጣሉ። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ሙቀቱን በምትለብሰው ልብስ ያግኙላት።

የሕፃን አልጋ ፍራሽም እንደ ተሠራበት አገር ይለያያል፤ የእንግሊዙ አነስተኛ አልጋ 60 በ120 ሲሆን የአሜሪካው 70 በ132 ገደማ ነው፤ ስለዚህ በመልክ ተመሳስሎ የተገዛ አንሶላ በአንዱ ላይ ሲላላ በሌላው ላይ ይጠብባል። ብዙ ሰው የማያስተውለው የጠበበውም እኩል አደገኛ መሆኑን ነው። የሕፃን ፍራሽ ቀላል ስለሆነ አጥብቆ የሚስብ አንሶላ ማዕዘኖቹን ወደ ላይ ያጎብጣቸዋል፤ በፍራሹና በአልጋው ፍርግርግ መካከልም ክፍተት ይፈጠራል። በዚያ ክፍተት ሁለት ጣት ከገባና ቦታ ከተረፈ ፍራሹ ለአልጋው አልሆነም ማለት ነው።

አዲስ ጨርቅ መግዛት ሳያስፈልግዎ የትልቁን አልጋ አንሶላ መጠቀም ይችላሉ፤ ደጋግሞ ስለታጠበ ከዚህ በኋላ ብዙም አይሰበሰብም። ለ60 በ120፣ ውፍረቱ 10 ለሆነ ፍራሽ፣ በየጎኑ 10 ለውፍረት፣ 10 ለሚታጠፈው፣ 2 ለስፌት ሲጨመር 104 በ164 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ከማዕዘኖቹ የሚቆረጠው 21 በ21 ይሆናል። ከአንድ ዝርግ የሜትር ከሃምሳ አንሶላ ሁለት ይወጣሉ፤ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላው ይነጠፋል። ልብስ ሰፊው ላስቲኩን ዙሪያውን እንዲያስገባ፣ ጫፎቹንም ደጋግሞ እንዲሰፋቸው ይንገሩት። ቤት ሲያመጡት አልብሰውት አራቱንም ማዕዘኖች በየተራ ወደ ላይ ይሳቡ፤ አንዱ እንኳ ከፍራሹ ሥር ከወጣ ልጅዎን ሳያስተኙበት መልሰው ያስጠብቡት።