ከድንበሩ እስከ በረሃው፦ የሳን ዲዬጎ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከሲቲ ሃይትስ ሰፈራችን ተነስቶ ሜክሲኮ ድንበር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ከነዳችሁ ደግሞ አንዛ-ቦሬጎ በረሃ ናችሁ። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በእነዚህ ሁለት መንገዶች ላይ ናቸው።

ጥገኝነት ጠይቄ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ወርክ ፐርሚት አለኝ። ጓደኞቼ ጥርስ ለማሳከም ድንበር ማዶ ሜክሲኮ፣ ቲኋና ሊሄዱ ነው። ጠዋት ሄጄ ማታ ብመለስ ችግር አለው?

አለው ወንድሜ። አትሂድ። ወርክ ፐርሚት ለሥራ ነው፤ ወጥቶ ለመመለስ አይሆንም። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳትይዝ ከወጣህ ጥያቄህን ራስህ እንደተውከው ይቆጠራል። ጉዳይህ ፍርድ ቤት ስላለ ፈቃዱም ቢሆን አያስተማምንም፤ ጠበቃህን ሳታነጋግር ምንም እንዳትሞክር። ብዙዎቻችን በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ አቋርጠን የገባነው በዚያው በቲኋና በር ነው። ያን ሁሉ መከራ ለአንድ ጥርስ ብለህ አትጣለው።

ሌላም ነገር አለ። ሳታስበውም ልትሻገር ትችላለህ። ሳን ኢሲድሮ ድንበሩ ጥግ ልብስና ጫማ በቅናሽ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፤ ሁላችንም እንሄዳለን። በአይ-5 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስትነዳ «ላስት ዩኤስኤ ኤግዚት» (የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ) የሚል ምልክት ታያለህ። መውጫው ካሚኖ ዴ ላ ፕላዛ ነው። እሱን ካለፍክ መንገዱ ቀጥታ ሜክሲኮ ይከትሃል። እኔ እዚህ በመጣሁ ሰሞን ልጆቹ ከኋላ ሲጨቃጨቁ ዞር ብዬ ሳናግር ላልፈው ለጥቂት ተረፍኩ። መሪውን የያዘው እጄ በላብ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና ከሩቁ የቀኙን መስመር እይዛለሁ። ወረቀትህ እስኪያልቅ ድረስ ሹፌሩ ጓደኛህ ቢሆንም ምልክቱን አንተው ጠብቅ።

ግሪን ካርድ አለኝ። ለበዓል ዶሮ ወጥ እንቁላሉን ከቲኋና ባመጣውስ? እዚያ ይረክሳል።

አይቻልም እህቴ። ጥሬ እንቁላልና ጥሬ ዶሮ ከሜክሲኮ ማስገባት ክልክል ነው፤ ምክንያቱ የወፍ በሽታ ነው። ረስተሽ ይዘሽ ከመጣሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ከተናገርሽ ዕቃውን ወስደው ያሳልፉሻል። ከደበቅሽ ግን ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን በመቶዎች ዶላር ነው። ፍራፍሬም ሥጋም እንዲሁ ይነገራል። በመኪናሽ የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ የሜክሲኮ ኢንሹራንስ ግዢ፤ የአሜሪካው እዚያ አይሠራም።

ልጆቹን ኢምፔሪያል ቢች ይዤ ልሂድ?

በሄድሽበት ቀን የካውንቲውን የውሃ ማስታወቂያ ሳታዪ አይሆንም። የቲኋና ወንዝ ፍሳሽ ይዞ ስለሚገባ ባሕሩ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። አሸዋው ንጹህ ቢመስልም ልጆች እግራቸውን እንኳ እንዳይነክሩ።

በኅዳር ሦስት ቤተሰብ ሆነን አንዛ-ቦሬጎ ልናድር ነው። ድንኳን ገዝተናል። ጀበናና ከሰል ብንይዝ ቡና ማፍላት ይፈቀዳል?

ወቅቱን በደንብ መርጣችኋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እዚያ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። በኅዳር ቀኑ ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ለልጆች ጋቢ ያዙ። ፓርኩ ከካሊፎርኒያ የግዛት ፓርኮች ሁሉ ትልቁ ነው። ከካምፕ ግቢዎቹ ውጪም በነፃ ማደር ይቻላል፤ እሳት ግን መሬት ላይ አይነድም። በብረት ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው፤ አመዱንም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ የብረት ምድጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዚያ ቀን የእሳት እገዳ አለመኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንጨት ከፓርኩ መልቀም ክልክል ነው። ከቤታችሁም አትጫኑ፤ እዚያው አካባቢ ግዙ። ጀርባዋ ላይ ወርቃማ ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ በዚህ ካውንቲ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኦክ ዛፎችን አድርቃለች። ከአሪዞና በማገዶ ተጭና እንደመጣች ነው የሚታመነው። እሳትን በተመለከተም የዚህ አገር ሰው የ2003ቱን ጥቅምት አይረሳም። መንገድ የጠፋው አንድ አዳኝ ለምልክት ያነደደው እሳት 15 ሰው ገድሎ ከ2000 በላይ ቤት አቃጥሏል።

አሁን የምለውን አደራ ስሙኝ። ሌሊት ሲበርድ ፍም የያዘ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። አገር ቤት በከሰል ታፍኖ የሞተ ሰው ያልሰማ ማን አለ? ከቡና በኋላ ፍሙን ውሃ አፍሱበት፤ በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ሙቀት አለመኖሩን አረጋግጡ።

ድንኳኑን የት እንትከል ላላችሁት፦ ሜዳማና ለስላሳ አሸዋ ያለበት ቦታ ያጓጓል። ብዙ ጊዜ ግን ደረቅ ወንዝ ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንብና ጎርፉ ሰማይ ጥርት ባለበት ይደርሳል። የድሬዳዋ ልጅ ይህን አያጣውም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። ምግቡ ቀላል ነው። በበረሃ አየር እንጀራ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ድርቆሽ አድርጋችሁ ሂዱ። ማታ ሽሮ ተሠርቶ ድርቆሹ ሲፈተፈት ልጆቹ ድስቱን ይጠርጉታል። ለጠዋት በሶ፣ ለመንገድ ቆሎ።

እኛ ካምፕ የምንሄደው አገር ውስጥ ነው። ታዲያ ወረቀት ምን ያደርግልናል?

በኦኮቲዮ በኩል በአይ-8 ከተመለሳችሁ ፓይን ቫሊ አጠገብ የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ። ድንበር ባትሻገሩም ያስቆሟችኋል። ደግሞም 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያስገድዳል። ስልክ ላይ ያለው ፎቶ አይተካውም። እኛ ቤት ካርዶቹ ከድንኳኑና ከጀበናው ቀድመው ቦርሳ ይገባሉ።