ለወጣት አምራቾች፦ ስለ መንግሥት ጨረታና ስለ ልዩ አስተያየት

ውድ ወጣቶች፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ሠርቻለሁ። ወርክሾፕ ከፍታችሁ ጨረታ ለመግባት የምታስቡ ብዙዎቻችሁ ለአገር ውስጥ ምርት የሚደረገው ልዩ አስተያየት፣ ማለትም ዋጋችሁ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የሚታሰብላችሁ የመቶኛ ብልጫ፣ ሳትጠይቁት በራሱ የሚደርሳችሁ ይመስላችኋል።

በመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት በ2002 የወጣው መመሪያ አገር ውስጥ ለተመረተ መድኃኒት 25፣ ለሌሎች ዕቃዎች 15፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በቁጥር 1333/2016 ስለ ተተካ፣ ዛሬ የምትወዳደሩበትን የጨረታ ሰነድ ራሱን ተመልከቱ። መቶኛው የሚያገለግለው ለዋጋ ንጽጽር ብቻ ነው፤ አሸናፊው የሚከፈለው ያቀረበውን ዋጋ ነው።

አንድ የተማሪ ዴስክ ጨረታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የአንድ ብረት ሠሪ ዋጋ ከአስመጪው ስምንት በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር፤ 15 በመቶው ቢታሰብለት ያሸንፍ ነበር። ዴስኩን እዚሁ እንደሚበይደው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ከምርቱ ጠቅላላ ዋጋ ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው በአገር ውስጥ የተጨመረ እሴት መሆኑን የሚያረጋግጥ የኦዲተር ማስረጃ በፖስታው ውስጥ አልነበረም፤ ገምጋሚ ኮሚቴ ደግሞ ያየውን ሳይሆን የቀረበለትን ሰነድ ነው የሚመዝነው።

በዚያ መመሪያ እሴቱ የሚሰላው ከውጭ የገባው ጥሬ ዕቃና በውጭ አገር የተሰጠ አገልግሎት ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ነበር፤ ቀጥተኛ ያልሆነ ታክስም አይቆጠርም ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ላሜራው ከመርካቶ ስለ ተገዛ የአገር ውስጥ አይሆንም። ስለዚህ የላሜራውን፣ የቀለሙንና የኤሌክትሮዱን ደረሰኝ፣ የሠራተኛውንም የደመወዝ መዝገብ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ጀምራችሁ በየወሩ አስቀምጡ፤ ኦዲተር በሦስት ቀን ውስጥ ከባዶ መዝገብ ማስረጃ ሊሰጣችሁ አይችልም።

በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጃችሁት መመሪያው ከአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ጋር ስትገናኙ 3 በመቶ ይሰጣችሁ ነበር። ይህ በእኔ ግምት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ይልቅስ የጨረታ ሰነድ በነጻ መውሰዳችሁና ለጨረታ ማስከበሪያ በሚያዝ ሲፒኦ (የባንክ የክፍያ ማዘዣ) ፈንታ ካደራጃችሁ አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ መቻላችሁ ይበልጥ ይጠቅማችሁ ነበር፤ ገንዘባችሁ ባንክ ታስሮ አይቀመጥምና።

ያ ብረት ሠሪ ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ተቆጥቶ ቢሮዬ መጣ። የገዛውን የጨረታ ሰነድ ከእጁ ተቀብዬ የኦዲተር ማስረጃውን የሚጠይቀውን አንቀጽ ሳወጣለት፣ ገጾቹ ገና እንደ ተጣበቁ ነበሩ።