«ልጸልይበት» ብለሽ ያቆየሽው ውሳኔ

ከድሬዳዋ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዕድሜሽ 27 ነው። ሳቢያን አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት አራት ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት ሠርተሻል። አሁን ቤተ ክርስቲያንሽ የሕፃናት ድጋፍ ፕሮጀክቷን እንድትመሪላት ጠይቃሻለች። ደመወዙ ከምታገኚው በ4,000 ብር ያንሳል። ሽማግሌዎቹ መልስ ስጪን ካሉሽ ስድስት ሳምንት አልፏል። «ምሪት እየጠበቅኩ ነው፤ ግን ልቤ ሰላም አላገኘም። እንዲህ የምወላውል ሰው እንዴት መሪ ይሆናል?» ብለሻል።

እኔን የያዘኝ ግን በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። በበጎ ፈቃድ የምትመሪው የቅዳሜ ቱቶሪያል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። በድሬ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። አስተማሪዎቹ ወደ ጠዋት እናዙረው ሲሉሽ «ልጸልይበት» አልሻቸው። ይኸው ሁለት ወር ሆነው። ሁለቱ አስተማሪዎችም መምጣት ትተዋል።

ስለ ሁሉም ነገር ይጸለያል፤ በዚህ አልከራከርሽም። ለዚህኛው ጥያቄ ግን መልሱ ፊትሽ ተኝቶ ነበር። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ መዘምራኑ እንደሚለማመዱ ጽፈሻል። ሰዓቱን ለመቀየር እነሱን ማነጋገር፣ ምናልባትም ማስከፋት ሊኖርብሽ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የከበደሽ እሱ ነው።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ወጣት ነበርኩ። ቤታቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው ሰዎች በየተገኘው ቦታ ተጠልለዋል። በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ 60 ብርድ ልብስ ነበር፤ ቁልፉ እኔ ጋ። መጀመሪያ ለምእመናን ይሰጥ ወይስ ለመጣው ሁሉ? ሽማግሌዎቹን ላገኛቸው አልቻልኩም። እስኪመጡ ልጠብቅ ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እየጸለይኩ። ከጠዋት እስከ 10 ሰዓት።

አንዲት እናት ልጇን በሻሿ ጠቅልላ መጣች። ልጁ ጆሮው ላይ ጭቃ ደርቆበታል። ሙስሊም ናት። «አንተ ልጅ፣ ይህን ቁልፍ ለማን ብለህ ነው የያዝከው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ምሪት እየጠበቅኩ ነው ልላት አልደፈርኩም። ዞሬ በሩን ከፈትኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ መሪ ውስጣዊ እርግጠኝነት ሲወራ የምትታወሰኝ እሷ ናት። ምክንያቱን ፊቷ ቆሜ ልነግራት የማልችለውን ውሳኔ እጠረጥረዋለሁ። አንቺም ብትሆኚ በድሬ ነው የምትሠሪው። ከምትደግፏቸው ልጆች የብዙዎቹ እናቶች ቤተ ክርስቲያንሽ አይመጡም። የእነዚያ ልጆች ስም ለምን ከዝርዝሩ እንደገባ ወይም እንደወጣ ሲጠይቁሽ «ጌታ ተናገረኝ» መልስ አይሆናቸውም። ለአስተማሪዎችሽም አይሆንም። በዚህ ቃል የተጀመረ ስብሰባ ላይ «ተሳስተሻል» የሚል ማን ነው? ጌታን እንደ መቃወም ይቆጠርበታላ። በሐዋርያት ሥራ 15 ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች እንኳ መንፈስ ቅዱስም እኛም ፈቅደናል ብለው የጻፉት ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ነው። አንቺም «ጸልየናል፣ አይተናል፣ ወስኛለሁ፤ ከተሳሳትኩ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» በያቸው።

ስለ ሰላሙ ደግሞ። ልብ ሲረበሽ ነገሩን ቆም ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ግን ጭንቀት ሁልጊዜ «አይሆንም» ማለት አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት አዝና ነበር፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ሊይዙት ወደሚመጡት ሄደ። ፍርሃቱ እስኪለቅሽ ብትጠብቂ፣ የሚለቅሽ ብዙ ጊዜ ሥራውን ከጀመርሽ በኋላ ነው።

ነህምያን እንደገና አንብቢው፤ አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ሌላው ያለፈውን ታያለሽ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፣ አራት ወር ያህል ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ «መቼ ትመለሳለህ?» ሲለው ግን ቀን ቆረጠለት። በወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች ደብዳቤ ይጻፍልኝ አለ። እንጨት የሚሰጠውን የንጉሡን ዱር ጠባቂ አሳፍን በስሙ ጠራ። ይህ ሁሉ ዝርዝር በዚያች ደቂቃ ከየት መጣ? እየጸለየ ሲያሰላ ነበር። ኢየሩሳሌም ደርሶም ሦስት ቀን ዝም አለ፤ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ አየ። ለሹማምንቱ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

የንጉሥ ሳኦልን ታሪክ ደግሞ ከጎኑ አድርጊው። አንድ ጊዜ ሕዝቡ ሲበተንበት ቸኩሎ ነቢዩ ሳሙኤልን ሳይጠብቅ መሥዋዕት አቀረበ። ሌላ ጊዜ ሕዝቡን ፈርቶ የታዘዘውን ተወ። አንዱ ችኮላ ነው፣ አንዱ መልፈስፈስ። ሁለቱም ጊዜ ዓይኑ ሰው ላይ ነበር።

ስለዚህ ስለ ፕሮጀክቱ ሥራ «ሰላም አገኘሁ ወይ?» የሚለውን ትንሽ አቆይተሽ እንደ ነህምያ ቅጥሩን ዙሪ። ሽማግሌዎቹን ቀጠሮ ያዢና ያለፈውን ዓመት በጀትና ወጪ አሳዩኝ በያቸው። ቼክ ላይ ከአንቺ ጋር የሚፈርመው ማነው? ሳታስፈቅጂ እስከ ስንት ብር መወሰን ትችያለሽ? ሥራሽን የሚገመግመው ማነው? ጡረታሽስ ይቀጥላል? ይህን መጠየቅ እምነት ማጣት እንዳይመስልሽ፤ የሕፃናት ገንዘብ ነው። በወረቀት ካልሰጡሽ ደግሞ ያ ራሱ አንድ መልስ ነው። የደመወዙን ነገር ከቤተሰብሽ ጋር ተቀምጠሽ በቁጥር ሥሪው፤ ስንት ወር እንደምትችይው ታውቂያለሽ። የሚመክሩሽ ሁለት ሰዎች ያዢ፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያንሽ ውጪ ይሁን። ለሽማግሌዎቹም መልስ የምትሰጪበትን ቀን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። እሺ ካልሽ አሁን ያለሽበትን መሥሪያ ቤት በሥርዓት ልቀቂ፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአሠሪሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ።

አልሄድም ብትይም አላዝንብሽም። ጥሩ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ መኖርም ጥሪ ነው።

የቱቶሪያሉን ሰዓት ግን ከዚህ ሥራ ጋር አታያይዢው። ነገ ማታ የመዘምራኑን ኃላፊ አግኚና ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት አዳራሹን እንዲለቁልሽ ጠይቂው፤ እምቢ ካለሽ የዛፍ ጥላ ፈልጊ። ከዚያ መምጣት ለተዉት ሁለት አስተማሪዎች ራስሽ ደውዪላቸው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ በያቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቢመጡ፣ ባይመጡም፣ በሩን በሰዓቱ ክፈቺው።