ፈረስ ላይ ፍርሃትን ማርገብ፣ ፈረሱን ማዳመጥ፦ ጥያቄና መልስ

በሱሉልታ፣ በእንጦጦና በለገጣፎ ዙሪያ ግልቢያ የምትማሩና በሳምንቱ መጨረሻ ፈረስ የምትከራዩ ሰዎች ስለ ፍርሃት ያላችሁን ጥያቄ እንድታቀርቡልኝ ጠይቄ ነበር። ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

መልሶቼ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ፍርሃትን ማሸነፍና ፈረሱን በአካል ማዳመጥ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አይደሉም። በፍርሃት የተኮማተረ ሰውነት ምንም አይሰማም። ፈረሱ ከሥሩ ምን እየሠራ እንደሆነ መስማት የጀመረ ሰው ደግሞ ለመፍራት የሚተርፈው ሐሳብ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት እንጦጦ ላይ ከኪራይ ፈረስ ወድቄ ክንዴ ተሰብሮ ነበር። አሁን ድኛለሁ፤ ነገር ግን እግሬን እርካብ ውስጥ ሳስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች «ዝም ብለሽ ውጪ፣ ይለቅሻል» ይሉኛል። እውነት ነው?

እኅቴ፣ እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ሰውነት የሚማረው የተደጋገመለትን ነው፤ እየተንቀጠቀጥሽ ደጋግመሽ ብትወጪ የምትለማመጂው መንቀጥቀጥን ነው።

ድፍረት ከምትፈልጊ ይልቅ ሥራውን አሳንሺው። መጀመሪያ አትውጪ። ፈረሱን ቦርሺው፣ በዛቡ (ከልጓሙ ጋር በተያያዘው መያዣ) ይዘሽ ምሪው፣ አቁሚው፣ መልሰሽ አስኪጂው። አጠገቡ ቆመሽ ክንድሽን በኮርቻው ላይ ጣል አድርጊና የጎኑን መነሣትና መውረድ ተመልከቺ። በሌላ ቀን የምታምኚው ሰው ፈረሱን ይዞልሽ ውጪና ወዲያው ውረጂ። ደግመሽ ውጪ፣ ደግመሽ ውረጂ። በፈለግሽ ጊዜ መውረድ እንደምትችዪ ሰውነትሽ ሲያረጋግጥ ጭንቀቱ በእጅጉ ይቀላል፤ ወድቆ የሚያውቅን ሰው የሚያስፈራው መውጣቱ ሳይሆን መውረጃ ማጣቱ ነውና። ኮርቻ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ በሰው እየተመሩ ጥቂት መሄድ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደሚቀጥለው ደረጃ መሻገር አለመሻገርሽን የሚነግርሽ ትንፋሽሽ ነው። የደነገጠ ሰው አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ስለዚህ በፈረሱ አራት እርምጃ አስገቢ፣ በስድስት እርምጃ አስወጪ። ቁጥሩ ከጠፋብሽ አንጎራጉሪ፤ መዝሙርም ይሁን ዘፈን፣ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን አፍኖ መያዝ አይችልም። ድምፅሽ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ፈረሱን አቁሚ። የዛሬው ድንበርሽ እሱ ነው። የዕለቱንም ልምምድ ድካም ሳይመጣ፣ ገና ደስ እያለሽ ጨርሺ።

ጥያቄ፦ ፈረስ እንደፈራሁት ያውቃል? በማሽተት ይለያል ይላሉ።

እኔን ከሽታው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰውነታችን የሚናገረው ነው። ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎች ፈረስ እየመሩም እየጋለቡም በአንድ ቦታ ደጋግመው እንዲያልፉ አድርገው ነበር። በመጨረሻው ዙር «አሁን ጃንጥላ ይከፈታል» አሏቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላው ምንም የማያውቁት ፈረሶች የልብ ምትም አብሮ ጨመረ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ምክንያቱን ሳያጣራ ይሮጣል። አንተ ጀርባው ላይ ስትሆን መንጋው አንተ ነህ።

የፈራ ጋላቢን ከሩቅ ተመልከተው። ወደ ፊት ያጎነብሳል፣ ጉልበቱን ያጣብቃል፣ ተረከዙን ያነሣል፣ ዛቡን ይስባል። ለፈረሱ የሚደርሰው ምንድን ነው? እግሩ «ሂድ» ይላል፣ እጁ «ቁም» ይላል። ግራ የተጋባ ፈረስ ጭንቅላቱን ይወረውራል፣ ይፈጥናል፣ ወደ ጎን ይሄዳል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። መፍትሔው «አልፈራም» ብሎ መዋሸት አይደለም። ጉልበትህን ከኮርቻው ላይ ትንሽ ከፈት አድርገህ መልሰህ አሳርፈው፤ እግርህ ወደ ታች ይረዝማል፣ መቀመጫህም ወደ ኮርቻው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አስተማሪዬ ሁልጊዜ «ፈረሱን ስሚው» ትለኛለች። የሚሰማው ነገር ምኑ ነው? እኔ የሚሰማኝ መናወጥ ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድሁት፤ በዝርዝር ልመልሰው።

በእርምጃ ጀምር። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ አራት ምት አለው፦ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ። የግራ የኋላ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት ሲሄድ በዚያ በኩል ዳሌው ዝቅ ይላል፣ ሆዱም ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። አንተ ዘና ብለህ ከተቀመጥህ የራስህ የግራ መቀመጫ አጥንት ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ሲንሸራተት ይሰማሃል። ቀጥሎ ቀኙ። ከዚያ እንደገና ግራው። መናወጥ ያልኸው ይህንኑ ነው፤ ሥርዓት ያለው ነገር ነው።

አሁን የሚመራልህ ሰው ፈልግና ገላጣ ሜዳ ላይ ውጡ። እጅህን ጭንህ ላይ አሳርፍ፣ ዐይንህን ጨፍን። የግራ ጎንህ ዝቅ ባለ ቁጥር «ግራ»፣ ቀኙ ዝቅ ሲል «ቀኝ» በል። መሪው የፈረሱን የኋላ እግር እያየ ልክ መሆንህን ይንገርህ። መጀመሪያ ትዘገያለህ፤ እግሩ መሬት ከነካ በኋላ ነው የምትናገረው። አትጨነቅ፣ አትቸኩልም። ድንገት ቃሉና እግሩ የሚገጥሙበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ትከሻህ ራሱ ሲወርድ ታስተውላለህ፤ ሐሳብህ በሙሉ ዳሌህ ውስጥ ገብቶ መፍራቱን ትቶታል።

ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በባትህ ገፋ ስታደርገው ፈረሱ ሊመልስልህ የሚችለው በዚያ በኩል ያለው የኋላ እግር በአየር ላይ ሳለ ነው። እግሩ ክብደት ተሸክሞ መሬት ላይ ሳለ ብትገፋው የትም ሊወስደው አይችልም። ሰነፍ ነው እየተባለ በአለንጋ የሚመታ ስንት ፈረስ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው የቀረበለት ባልሆነ ሰዓት ነው።

እጅንም በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዛብ የሚያዘው ጫጩት እንደሚያዝ ነው፤ እንዳታመልጥ፣ እንዳትጨፈለቅም። በየገጠሩ የምናየው የብረት ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚይዝ ቀለበት ስላለው በትንሽ ስበት ብዙ ያሳምማል። በእርምጃ ጊዜ የፈረሱ ጭንቅላት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ክንድህ ከክርንህ ጀምሮ አብሮት ይሂድ። እጅህ ከደረቀ በእያንዳንዱ እርምጃ አፉን እየመታኸው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሰባ ዓመት ሰው ነኝ፤ በልጅነቴ ጉግስ ተጫውቻለሁ። በእኛ ጊዜ የራስ ቁርም፣ ትንፋሽ መቁጠርም የሚባል ነገር አልነበረም። ፈረስ የሚለመደው በመጋለብ ነው።

አባቴ፣ ያሉት ስለ እርስዎ ትውልድ ልክ ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ ሰው ሲጋልብ ለማየት ብዙ መንገድ እሄዳለሁ። የጉግስ ተጫዋች ጋሻውንና ዛቡን በአንድ እጅ ይዞ፣ በሌላው ዘንግ እየወረወረ፣ ፈረሱን በሙሉ ግልቢያ የሚያዞረው በክብደቱ ነው። የድሮው እርካብም የእግርን አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባ ስለሆነ ተደግፈውት አይቆሙበትም፤ እግር ተንጠልጥሎ ሚዛኑ ከወገብ ይመጣል። የዛሬ አስተማሪ ብዙ ደክሞ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው በፈረሳቸው በሚጠሩበት አገር ይህ ዕውቀት የራሳችን ነው።

ልዩነቱ እርስዎ ያለ ኮርቻ በሕፃንነትዎ መጀመርዎ ነው። የሠላሳ ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ወገቡ ደርቆ፣ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበ ነው የሚመጣው። ለእሱ ትንፋሹን መቁጠር በልጅነት ያላገኘውን ዘና ማለት ለማግኘት አንዱ መንገድ ነው። በራስ ቁር ነገር ግን አልደራደርም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ መሆን አለበት፤ አንድ ጊዜ በከባድ ውድቀት የተመታ ከሆነ ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ በጎጃም መንገድ ዳር ስንሄድ አይሱዙ ሲያልፍ ወይም ፌስታል ሲነሣ ፈረሱ ይደነብራል። ምን ላድርግ?

የፈረስ ዐይን በጎንና በጎን ስላለ ከጀርባውና ከግንባሩ ፊት ለፊት ካለ ጠባብ ቦታ በስተቀር ዙሪያውን ሁሉ ያያል። አንተ ያላየኸውን ፌስታል እሱ ቀድሞ አይቶታል።

አንተ ፌስታሉን አትየው። ወደዚያ ስታፈጥ ትከሻህም ፈረሱም ወደዚያ ይዞራሉ። ከእሱ አሻግረህ ራቅ ያለ ባሕር ዛፍ ወይም የእንጦጦን ጫፍ ተመልከት። የፈረሱን አፍንጫ ከሚያስፈራው ነገር በተቃራኒ ትንሽ ዘወር አድርገውና ራቅ ብሎ እንዲያልፍ ፍቀድለት። ወደ ፌስታሉ ገፍቶ ማስሸተት ለማሠልጠኛ ቀን ይቆይ፤ የመኪና መንገድ ዳር ቦታው አይደለም። ድንገት ከዘለለ ጋማውን ጨብጥ፤ ያን ጊዜ እጅህ አፉን አይነጥቅም።

ይዞህ ከሄደ ሁለቱን ዛቦች አጥብቀህ አትሳብ፤ ፈረስ የሚገፋው ነገር ሲያገኝ የበለጠ ይገፋል። ገና ሲጀምር ከሆነ አንዱን ዛብ ቀስ ብለህ ወደ ጉልበትህ አምጣና አዙረው። ሽምጥ መጋለብ ከጀመረ ግን ድንገት ማዞር ሊጥለው ይችላል። ሰፊ ክብ አስይዘው፤ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ እያደረግህ ክቡን አጥብበው። አደገኛ ቦታ እንደምታልፍ አስቀድመህ ካወቅህ ወርደህ ምራው። መውረድ የፈረሰኛ ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ሶምሶማ ሲጀምር እንደ ኳስ እነጥራለሁ።

ሶምሶማ፣ ከእርምጃ የሚፈጥነው ሩጫ፣ ሁለት ምት ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮች በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያርፋሉ። በአንዱ ምት ከፍ፣ በሌላው ቁጭ በይ። የሚያነሣሽ የፈረሱ ጀርባ ነው፤ አንቺ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ፍቀጂለት። ብዙ ብድግ ካልሽ ለሁለተኛው ምት ትዘገያለሽ። ሰጋር በቅሎ ካገኘሽ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ በእሷ ተለማመጂ፤ አካሄዷ ለስላሳ ነው፣ ለፈራ ወገብ ጥሩ ዕረፍት ነው።

ጥያቄ፦ የኪራይ ፈረስ ስመርጥ ምን ልይ?

ፍርሃትሽ ልክ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ይህን ጥያቄ አትናቂው። ኮርቻው ተነሥቶ ጀርባውን አሳዩኝ በዪ። በትከሻው አናትና ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚያስረው ጠፍር በሚያልፍበት ቦታ ቁስል፣ እብጠት ወይም አዲስ የበቀለ ነጭ ጠጉር መኖሩን ተመልከቺ። ጠጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለበት ቦታ ኮርቻ የጎዳው ነው። እጅሽን በጀርባው ላይ ጫን አድርገሽ አሳልፊ፤ ዝቅ ብሎ ከሸሸሽ ያመዋል። በሶምሶማ ያስሩጡልሽ፤ የፊት እግሩ ሲያርፍ ጭንቅላቱን ብድግ የሚያደርግ ከሆነ በዚያ እግሩ ያነክሳል። የሚያመውን ፈረስ በትንፋሽ ብዛት ጨዋ ማድረግ አይቻልም፤ ባይከራይም ይሻለዋል።

ፈረሱ በየትኛው ጎን ሲወጡበት እንደለመደና ብቻውን ይሄድ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቂው። ከጓደኞቹ ጋር ብቻ የለመደ ፈረስ ለብቻው ሲወሰድ ይቆማል ወይም ይመለሳል። ከመውጣትሽ በፊት ጠፍሩን አጥብቂ፣ ጥቂት አስኪደሽው እንደገና አጥብቂ፤ ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ከፊቴ አድርጌያት ልጋልብ?

አይሆንም። ከወደቃችሁ የምትወድቀው ከአንተ ሥር ነው። ለብቻዋ፣ ረጋ ባለ ፈረስ ላይ፣ በአዋቂ እየተመራች ትቀመጥ። የእግሯ ልክ የሆነ እርካብና ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ይኑራት፤ እግር ተንሸራቶ እርካብ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ተረከዙ ነው። ልጅን በገመድ ኮርቻው ላይ የሚያስር ሰው ካየህ ልጅህን ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የመጣሁት። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ፍርሃት ነው?

ከፍታውም ድርሻ አለው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በእርምጃ ብቻ ሂድ።

ጥያቄ፦ ደንገላሳ፣ ከሶምሶማ የሚፈጥነውን ግልቢያ፣ መቼ ልጀምር? ጓደኞቼ ሁሉ ጀምረዋል።

የጓደኞችሽን ቀን ተዪው። በእርምጃ ዐይንሽን ጨፍነሽ የኋላ እግሩን በትክክል ስትጠሪ፣ በሶምሶማ ዛቡን ሳትደገፊ ከፍ ዝቅ ስትዪ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ በትንፋሽሽና በመቀመጫሽ ስትመልሺው ጊዜው ደርሷል። ማቆም የማትችዪውን ፍጥነት አትጀምሪ።

ቦታውን ምረጪ። ክረምት ላይ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ስለሚቋጥር ፈረሱ ተንሸራቶ ሊወድቅ ይችላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዳማ ማለዳም ፈረስ ነቃ ነቃ ይላል። ፀሐይ ሜዳውን ካሞቀች በኋላ፣ በደረቅ ቦታ፣ ቀስ ብሎ በሚወጣ ዳገት ላይ ወደ ላይ ጀምሪ፤ ዳገቱ ራሱ ፍጥነቱን ይይዝልሻል። ከፊትሽ የረጋ ፈረስ ይሂድ። ሦስት ምት ትሰሚያለሽ፦ አንድ የኋላ እግር፣ ከዚያ ሁለት እግሮች በሰያፍ አብረው፣ በመጨረሻ መሪው የፊት እግር። በአንድ እጅሽ ጋማውን ያዢ፣ ድምፅ አውጥተሽ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልሽ ቁጠሪ። ቁጥሩ ሦስት አራት ጊዜ በትክክል ከዞረ ወደ እርምጃ መልሺው፤ ለዚያ ቀን በቂ ነው። ጠፍሩን አላልተሽ በእግር እየመራሽ ወደ በረቱ ውሰጂው።