ጅረቱን እንከተል ወይስ እንተወው?

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ፣ የጎፍ ተራራ ላይ ችግኝ ስንተክል ለተማሪዎቹ የጁሊያን ኮፕኬን ታሪክ አጫወትኋቸው። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ መቆፈሪያዋን አቁማ «ጋሼ፣ እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን እሞት ነበር፤ አይደል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለእሷም ለእኩዮቿም ይህን እጽፋለሁ።

ላልሰማችሁ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1964 ዓ.ም. ከሊማ ወደ ፑካልፓ ይበር የነበረ የፔሩ አውሮፕላን መብረቅ መትቶት አማዞን ደን ላይ ተበታተነ። ከተሳፈሩት 92 ሰዎች የተረፈችው የ17 ዓመቷ ጁሊያን ብቻ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችው እናቷ ሞተች። እሷ ግን ከመቀመጫዋ ጋር እንደታሰረች ከ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወድቃ፣ መነጽሯ ጠፍቶ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ጥቂት ከረሜላ ይዛ 11 ቀን በደኑ ውስጥ ቆየች።

ብዙ ሰው የልጅቷን ድፍረት ያደንቃል። እኔ ግን የወላጆቿን ትምህርት አስቀድማለሁ። ሁለቱም የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩና ፓንጓና በሚባለው የምርምር ጣቢያቸው፣ እዚያው ደን ውስጥ አብራቸው ኖራለች። አባቷ «ከጠፋሽ ውሃ ፈልጊ፤ ውሃውን ወደታች ተከተዪ፤ ሰው ያለው ወንዝ ዳር ነው» ብሏት ነበር። ያንኑ አደረገች። የክንዷ ቁስል ሲተላም አባቷ የውሻቸውን ቁስል በላምባ እንዳከመው ትዝ አላት። ከአንድ ጀልባ ያገኘችውን ቤንዚን አፈሰሰችበትና ትሎቹ እየተንፈራገጡ ወጡ። በማግስቱ እንጨት ቆራጮች አገኟት። እርግጥ ዕድልም አለበት፤ ከሰማይ ወድቆ መትረፍን ማንም አያስተምርም።

እኔን ያተረፈኝ ምክር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ጎረምሳ ሳለሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ ከሐረጎ በላይ ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ፣ ከአጎቴ ጋር የጠፋ በሬ ፍለጋ ወጣን። ከሰዓት በኋላ ጉሙ በአንድ ጊዜ ወረደብን። የዘረጋሁት እጄ አልታይ አለኝ። ከእግሬ ሥር ጅረት ይሰማኛል። ውሃው ወደ ቦርከና እንደሚወርድ፣ ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ እንደሚያልፍ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁና በድፍረት ቁልቁል መራመድ ጀመርሁ። አጎቴ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ። «ቁም! ውሃ ገደል አይፈራም፤ አንተ ግን ፍራ» አለኝ።

ጋቢውን ለሁለት ለብሰን ድንጋይ ተደግፈን ተቀመጥን። አጎቴ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ቆይቶ ከበስተቀኝ አንድ ከባድ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሰማን። እኔ ዘልዬ ተነሣሁ፤ እሱ ግን አልቸኮለም። ሁለተኛ መኪና እስኪመጣ ጠበቀና ድምፁ ከዚያው አቅጣጫ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በበትሩ መሬቱን እየዳበሰ መራኝ። በየመካከሉ ቅጠል ቀንጥሶ በጣቶቹ ያሻል፣ ያሸታል። «አስታ ነው፤ ገና ላይ ነን» አለ መጀመሪያ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ወይራ!» ሲል ድምፁ ተለወጠ፤ ወይራ ከአስታ በታች ነውና ወርደናል ማለት ነው። አስፋልቱ ላይ የደረስነው ሲመሽ ነው። በማግስቱ ያንን ጅረት ወስዶ አሳየኝ። እኔ ከቆምሁበት ብዙም ሳይርቅ ውሃው የሚናራ ቁመት ካለው ገደል ይወረወር ነበር።

አጎቴ የደን ትምህርቴን ጨርሼ ሳልመለስ ሞተ። የትኛው ሸለቆ መውጫ እንደሌለው፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ፣ ጉም ሲመጣ የቱ ድንጋይ እንደሚያስጠልል ከእሱ ጋር ተቀበረ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ደን ለክቻለሁ፤ የዛፎችን ሳይንሳዊ ስም መዝግቤአለሁ። የእሱን እውቀት ግን በየትኛውም መዝገብ አላገኘሁትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስለ አማዞን ዘንዶ ርዝመት ታወራላችሁ፤ በኮሶ ዛፍ ሥር ስታልፉ ግን «ይህ ምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። አዝናለሁ። ስልክ አትያዙ አልልም፤ የጁሊያንን ታሪክ እኔም ያነበብሁት ከሩቅ አገር በመጣ ጽሑፍ ነው። ልጄ፣ አንቺ ጫካ ውስጥ ትተርፊ እንደሆነ የሚወሰነው ጫካው የት እንደሆነና ስለዚያ ቦታ ማን እንደነገረሽ ነው። የአባቷ ምክር ለዚያ ዝቅተኛ ደን ትክክል ነበር፤ ለእኛ ገደላ ገደል ግን ሰው ይጨርሳል።

ውሃና ስንቅ ያዙ፣ ለቤተሰብ ሳትናገሩ አትውጡ የሚለውን አልደግምላችሁም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። መስከረም ላይ ሰማዩ ሲጠራ አካባቢውን ከሚያውቁ ከብት ጠባቂዎችና ሽማግሌዎች ጋር ወደ የጎፍ ወይም ወደ ደሴው ጦሳ ተራራ ውጡ። ደብተር ያዙ። የዛፉን ስም፣ ጅረቱ የት ገደል እንደሚገባ፣ የመኪና ድምፅ ከየት በኩል እንደሚሰማ ጠይቃችሁ ጻፉ። በጊዜ ተነሡና ጉም ሳይወርድ ተመለሱ። የጻፋችሁትን ብታመጡልኝ ከካርታ ጋር አብረን እናስተያየዋለን።